የካርድ ክፍሉ በር

«እጄን እዩልኝ» አሉ ወይዘሮ አስካለች፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው። «እዚህ ነኝ። ምንም አልነካሁም።»

ታዴዎስ ከተንበረከከበት ቀና ብሎ አያቸው። ከማሽኑ ርቀው የካርድ ክፍሉን በር ተደግፈው ቆመዋል። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰዓት ሦስት ከአርባ ሁለት ላይ ቆሟል። ማውሱ አይንቀሳቀስም፤ ኪቦርዱን ቢደበድበው መልስ የለም። መብራት አለ፤ ገመዱም ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ ነው። ማሽኑ ማንም ሳይነካው፣ በሠራው ሰው ፊት፣ ቀጥ ብሎ ቀረ።

«አየሁ» አለ ታዴዎስ።

«እንግዲህ ያን ቀንም እንዲሁ ነው ያደረገው። እንዲሁ! እኔ ስናገር ማን ሰማኝ?»

ወይዘሮ አስካለች ሃምሳ ዓመት የተጠጋቸው፣ ከቦኖሻ ወጣ ብሎ ባለው በዚህ ጤና ጣቢያ ሃያ ሁለት ዓመት ካርድ ሲያወጡና ሲመልሱ የኖሩ ሴት ናቸው። ታዴዎስ ከሆሳዕና በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፍሮ የመጣው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነበር፤ የታካሚዎች መረጃ የጠፋው እኚህ ሴት ማሽኑን ስለነቀሉት መሆኑን በጽሑፍ ሊያረጋግጥ። ስምንት ሰዓት ላይ የዲሲፕሊን ኮሚቴ በሳቸው ጉዳይ ይቀመጣል። ከሥራ ይሰናበቱ አይሰናበቱ የሚለው የሚወሰነው በታዴዎስ ሪፖርት ነው። ከመፈረሙ በፊት ግን፣ ለወጉ ያህል፣ ማሽኑን እንደዚያ ቀን በሥራ አጨናንቆ ልሞክረው አለ። ባላለ ኖሮ!

ማሽኑ «መዝገቤ» ይባላል። ከጫማ ካርቶን የማይበልጥ ሳጥን ነው። ታዴዎስና አምስት ባልደረቦቹ ሆሳዕና፣ ጎፈር ሜዳ፣ ሁለት ክፍል ተከራይተው የሠሩት፣ መብራት በየሰዓቱ በሚጠፋበት ቦታ የታካሚ መረጃ ሳያበላሽ እንዲይዝ ነው። መረጃውን ጨምቆ ሁለት ቦታ ላይ የሚጽፈው ክፍል፣ ማለትም ፋይል ሲስተሙ፣ የታዴዎስ የእጅ ሥራ ነው። በዚህ ያልኮራበት ቀን የለም። ከሦስት ወር በፊት በአጥቢያቸው ለምስክርነት ወጥቶ፣ ማይክ ጨብጦ፣ «ጌታ ለወገኔ የሚሆን ጥበብ በእጄ ላይ አኖረ» ሲል ጉባኤው እልል ብሎለታል። እናቱ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋለች። ሽማግሌዎች እጃቸውን ጭነው ጸልየውለታል።

ከዚያ የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን የሆነው ሆነ። የክትባት ቀን ነበር፤ ግቢው በእናቶች ተጨናንቋል። ማሽኑ በመሃል ቆመ። ወይዘሮ አስካለች ጠብቀው ጠብቀው ገመዱን ነቀሉና መልሰው ሰኩት። ሲነሳ የአርባ አንድ ሰው መረጃ ከውስጡ የለም። ከአርባ አንዱ አንዷ ፔኒሲሊን እንደማይስማማት ያስመዘገበች ነፍሰ ጡር ነበረች። በማግስቱ ታማ ስትመለስ ሌላ ተረኛ ነርስ ማሽኑን አየ፤ የተጻፈ ነገር የለም፤ መርፌውን ወጋት። ሴትየዋ እዚያው ተዝለፍልፋ ወደቀች። በአምቡላንስ ተወስዳ ለጥቂት ተረፈች፤ ጽንሱም ተርፏል። ግን ሰው ሊሞት ነበርና ጥፋተኛ መገኘት ነበረበት።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ አሞጽ ስልክ ሲደውሉ ታዴዎስ ምሳ ላይ ነበር። «እየሠራ እያለ ነቅለውታል?» ብሎ ጠየቀ። «አዎ» አሉት። «በቃ ያው ነው። ስንት ጊዜ እንዳትነቅሉ ብለናል!» አለ። ይህን ለማለት አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም፤ ጉርሻውንም አላቋረጠ። በሳምንቱ ሰኞ ጠዋት የወይዘሮ አስካለች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ተነበበ።

አሁን ያ ጉርሻ ትዝ አለው። ማሽኑ የተሠራው እኮ መብራት ድንገት ሲጠፋ መረጃ እንዳይጠፋ ነው! ገመድ መንቀል ከመብራት መጥፋት በምን ይለያል? ቢበዛ የጥቂት ሴኮንድ ጽሑፍ ቢጠፋ ነው እንጂ የአርባ አንድ ሰው መረጃ እንዴት ይጠፋል? ይህን ጥያቄ ሌላ ሰው በሠራው ማሽን ላይ ቢሆን አፍታ ሳይቆይ ይጠይቀው ነበር። የገዛ ራሱ ላይ ሲሆን አላሰበውም። ማሰብም አልፈለገም።

ማሽኑን አስነሥቶ ከውስጡ አንዲት ጥፍር የምታህል ካርድ አወጣ። ማሽኑ በየደቂቃው ምን ላይ እንደነበር የሚጻፍባት፣ በፋይል ሲስተሙ በኩል የማታልፍ ካርድ ናት። በላፕቶፑ ከፍቶ የዚያን ቀን ጽሑፍ ፈለገ። አላስቸገረውም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ መረጃ የሚጽፈው የማሽኑ ክፍል ቀጥ ብሏል። ስክሪኑ ግን ምንም እንዳልሆነ ሁሉ እስከ ሦስት ከሃያ ድረስ ሰው እየተቀበለ፣ ሁሉንም ኃይል ሲቋረጥ በሚጠፋው ጊዜያዊ ሜሞሪ ውስጥ እያጠራቀመ፣ ሴትዮዋን ሲያታልል ቆይቷል። ከዚያ ሜሞሪው ሞላና ሁሉም ነገር ቆመ። ገመዱ የተነቀለው ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ሰባት ላይ ነው።

«ሠላሳ ሰባት ደቂቃ ጠብቀዋል» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔማ አንድ ሰዓት ነው የመሰለኝ። ወረፋው እስከ ውጭ በር ነበር። ሕፃናቱ ያለቅሳሉ። ደግሞ ደውያለሁ እኮ! እዚህ የለጠፋችሁት ቁጥር ላይ ሦስቴ ደወልኩ። ለኮሚቴውም ነግሬያለሁ፤ ‹ሰበብ ነው› አሉኝ።»

ታዴዎስ ማሽኑ ጎን ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አየ። «ችግር ሲገጥምዎ ይደውሉ» ይላል። ቁጥሩ የራሱ ነው። ስልኩን አውጥቶ የጥሪ መዝገቡን ወደ ታች ጎተተ፤ አሥራ ሁለት ቀን ወደ ኋላ። ስም የሌለው ቁጥር፤ ሦስት ሠላሳ አንድ፣ ሦስት ከአርባ፣ ሦስት ሃምሳ ሁለት። በዚያ ሰዓት ሆሳዕና አዳራሽ ውስጥ ለዞኑ ሰዎች ማሽኑን እያስጎበኘ ነበር። የሚንጫረረውን ስልክ ከኪሱ ሳያወጣ ድምፁን ያጠፋው ትዝ አለው። «መዝገቤ አይቆምም» ሲል ነበር ያጠፋው።

ፊቱ እስከ ጆሮው ድረስ ጋለ። ወይዘሮ አስካለች እንዳያዩት ወደ ስክሪኑ አቀረቀረ።

«መጨረሻው ሰባ ሦስት የሆነው ቁጥር የርስዎ ነው?»

«የኔ ነው። ምነው?»

«ደውለዋል» አለ። «ሦስት ጊዜ።»

«አልኩህ እኮ!» አሉ፤ ‹እርስዎ› ማለቱን በመሃል ረስተውት። ሳይቆጡ ነው ያሉት፤ እንዲያውም ቅልል ያላቸው ይመስላሉ። ቢቆጡ ይሻለው ነበር። «ለነገሩ ሥራ ላይ ሆነህ ይሆናል። ምስክርነትህን ሰምቻለሁ፤ እህቴ እዚያው አጥቢያ ናት፤ በስልክ ቀድታ ላከችልኝ። ይሄ ሳጥን እኛ ጋ የመጣ ጊዜ ስምህን ይዘን ጸልየናል። ‹የኛ ልጅ የሠራው ነው› ብዬ ለስንቱ ተናገርኩ መሰለህ።»

ታዴዎስ መሬቱ ቢከፈትለት ዘሎ ይገባ ነበር። መሬቱ ግን ሲሚንቶ ነው፤ አልተከፈተም። ስለዚህ ሥራውን ቀጠለ።

ምክንያቱን ካርዷ ላይ የተጻፈው ዝርዝር ቁጭ አድርጎታል። መረጃ ጸሐፊው በሩን ቆልፎ ሜሞሪ ሲጠይቅ ነው ቀጥ ያለው። ጥያቄው የቀረበበትን መስመር ታዴዎስ ያውቀዋል፤ ራሱ ነው የጻፈው። ኮዱን ከፍቶ ጥያቄው ላይ አንዲት ምልክት ጨመረበት፤ ‹ሜሞሪ ከሌለ ወደኔ አትመለስ› የምትል። አጠናቅሮ ጫነው፤ ማሽኑን እንደገና በሥራ ማጨናነቅ ጀመረ። ወይዘሮ አስካለች የመጡትን ሁለት ታካሚዎች ለጊዜው በወረቀት መዝግበው ሸኟቸው።

«አሁንስ ዳነ?» አሉ።

«አሁን እናያለን።»

ስምንት ደቂቃ ሠራ። በዘጠነኛው ቀጥ አለ።

ወይዘሮ አስካለች እጃቸውን አነሡ፤ ከዚያ ራሳቸውም ሳቁ። «ኧረ በስመ አብ፤ ምን ሆኖ ነው ግን? ለኔ በሚገባኝ ቋንቋ ንገረኝማ።»

ታዴዎስ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ለዞኑ ሰዎች ሲያስረዳ የሚጠቀምበት ስላይድ ነበረው፤ እዚህ አልረዳውም።

«ማሽኑ ውስጥ ጸሐፊ አለ በሉ። ሲጽፍ ሌላ ሰው ገብቶ እንዳያበላሽበት በሩን ከውስጥ ይቆልፋል። ቆልፎ እየጻፈ ሳለ ባዶ ቦታ ይጎድለዋል። ‹ባዶ ቦታ አምጡልኝ› ይላል። ቦታ የሚሰጠው ሌላኛው ደግሞ ‹ባዶ የለኝም፤ ግን የተጠራቀሙ ጽሑፎች አሉ፤ እነሱ ከተጻፉ ቦታ ይለቀቃል› ይልና ወደ ጸሐፊው ይሄዳል። ይደርሳል፤ በሩ ተቆልፏል። ጸሐፊው ባዶ ቦታ ካልመጣ አይከፍትም። ይሄኛው በሩ ካልተከፈተ ባዶ ቦታ የለውም። ሁለቱም እንደቆሙ ይቀራሉ።»

ወይዘሮ አስካለች አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሰሙ። «ይሄማ እኔና ቲቶ ነን!»

«ማናችሁ?»

«ቲቶ የንብረት ክፍሉ ነዋ። ድሮ፣ ካርዱ በወረቀት ሳለ። ያኔ ሰው እየተንጋጋ ገብቶ ፎልደር ስለሚቀያይር፣ በሩን ከውስጥ ሸንጉሬ ነበር የምሠራው። ለማንም አልከፍትም። አንድ የክትባት ቀን ባዶ ፎልደር አለቀብኝ። በመስኮት ‹ቲቶ፣ ፎልደር አምጣ፤ ፎልደር ሳይመጣ በሩን አልከፍትም፤ ካርዱ ሁሉ መሬት ላይ ተዘርግቷል› ብዬ ጮህኩ። እሱ ንብረት ክፍል ሄዶ ያያል፤ ባዶ የለም። የቆዩ ፎልደሮች አሉ፤ ግን ውስጣቸው ያለው ወረቀት ካርድ ክፍል ገብቶ መደርደሪያ ላይ መቀመጥ አለበት። ተሸክሞ መጥቶ በሬን ያንኳኳል። እኔ ‹ፎልደር ይዘሃል?› እለዋለሁ። ‹መጀመሪያ ክፈችልኝ› ይለኛል። ‹መጀመሪያ አምጣ› እለዋለሁ። ሰውየው የተጣላሁት መስሎት ሊያለቅስ! ምሳ ሰዓት እስኪደርስ በሩ ላይ ቆመን።»

ታዴዎስ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ ደንብ አወጣን። እኔ ውስጥ ሆኜ ፎልደር ስጠይቅ፣ ከውጭ ካለ ይምጣ፤ ከሌለ ‹የለም› ይበለኝ፤ ወደኔ በር ግን ማንም እንዳይመጣ። ለክፉ ቀን ብዬ ሃያ ባዶ ፎልደር ወንበሬ ሥር አስቀመጥኩ።»

«ለቲቶ ነገሩት ማለት ነው።»

«ለቲቶ መጀመሪያ ነገርኩት። ምን ዋጋ አለው? ቲቶ ደግሞ ጽዳቷን ይልካል፤ ጽዳቷ ዘበኛውን ትልካለች፤ እነሱ ደንቡን አልሰሙም፤ መጥተው ያንኳኳሉ። ለእያንዳንዱ ስነግር መዋሌ ነው? በኋላ ወረቀት ላይ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩት። ሸንጉሬ ስገባ እለጥፋለሁ፤ ስወጣ አነሣለሁ። የመጣው ሁሉ ያነበዋል። ተገላገልኩ።»

የታዴዎስ ሳቅ ቆመ። አንዷን ጥያቄ ብቻ ነበር ምልክት ያደረገባት። ጸሐፊው ግን መረጃውን የሚጨምቅለትን ሌላ ኮድ ይጠራል፤ ያ ኮድ በራሱ ሜሞሪ ይጠይቃል፤ ደንቡን አልሰማም። ለቲቶ ነግሮ ጽዳቷን ረስቷታል። ደንቡ መለጠፍ ያለበት በሩ ላይ ነው፤ ቁልፉ ሲያዝ ታውጆ፣ ሲለቀቅ የሚነሣ።

ይህን ነገር ከዚህ በፊት የሆነ ቦታ አንብቦታል። የት እንዳነበበውም ያውቃል። ስልኩ ላይ የኮዱን የውይይት ገጽ ከፍቶ ስምንት ወር ወደ ኋላ ሄደ። ሐዳሳ ናት የጻፈችው፤ ከስድስቱ አንዷ፣ የምዝገባ ፎርሞቹን የምትሠራው።

«ቁልፉ ተይዞ እያለ የሚመጣ ማንኛውም የሜሞሪ ጥያቄ ወደ ፋይል ሲስተሙ እንዳይመለስ መከልከል አለበት። በየጥያቄው ላይ ምልክት ማድረግ አይበቃም፤ የምንጠራው ሌላ ኮድ አያውቀውም። ቁልፉ ሲያዝ ለጠቅላላው ሥራ ይታወጅ። አለዚያ አንድ ቀን በራሱ ላይ ይቆልፋል።»

ከሥሩ የእሱ መልስ የለም። መልሱን በቃል ነበር የሰጠው፤ በሐሙሱ ስብሰባ፣ በሁሉም ፊት። «ሐዳሳ፣ አንቺ ፎርሞቹን አሳምሪልን፤ የውስጡን ኮድ ለባለቤቱ ተዪው።» ሁሉም ሳቁ። እሷም ፈገግ አለች፤ ከዚያ ላፕቶፗን ዘጋች። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ በእሱ ኮድ ላይ አንድ ቃል ጽፋ አታውቅም። እሱ ደግሞ ‹ገባት› ብሎ ነበር።

«ምን አየህ?» አሉ ወይዘሮ አስካለች። «ይሄን የሚያውቅ ሰው በመሥሪያ ቤታችሁ የለም እንዴ? የሚነግርህ?»

«ነግረውኝ ነበር» አለ ታዴዎስ።

ወይዘሮ አስካለች አዩት። የወረቀት መዝገባቸውን አስተካክለው የሚቀጥለውን ታካሚ በሀዲይኛ ጠሩ።

ታዴዎስ ወደ ግቢው ወጥቶ፣ ባዶ የውኃ ታንከር ሥር ቆሞ ሐዳሳ ጋ ደወለ።

«አቤት ታዴዎስ» አለች። የሥራ ድምፅ ነው።

«ያልሽው ደረሰ።»

«ምን ያልኩት?»

«የቁልፉ ነገር። ስምንት ወር የሆነው።»

«የቦኖሻው ማሽን? ነቅለውት ነው አልተባለም እንዴ?»

«እኔ ነኝ ያልኩት። ሳላይ። አሁን ዓይኔ እያየ ሁለቴ ቆመብኝ።»

«ያቺ ነፍሰ ጡር...» ብላ ጀምራ አልጨረሰችውም። ከዚያ፣ ‹አላልኩህም!› በማለት ፈንታ፣ እሱም ያን ጠብቆ አንገቱን ደፍቶ ሳለ፣ ሥራውን ጠየቀችው። «ቁልፉ ሲያዝ ነው ያወጅከው?»

«አሁን ላደርገው ነው።»

«ሲለቀቅ መመለስህን አትርሳ። ደግሞ አዋጁን እንዲሁ ‹አጥፋ› ብለህ እንዳትመልሰው፤ ከመግባትህ በፊት የነበረውን አስቀምጥና እሱኑ መልስ። ምናልባት ከውጭ ሌላ ሰው ለጥፎት ይሆናል፤ የሱን ገንጥለህ እንዳትጥልበት። ሜሞሪ ባይገኝስ? ተለይቶ የተቀመጠ አለህ?»

«የለኝም።»

«ይኑርህ። ጥቂት ይበቃል።»

«ሐዳሳ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«በስልክ ነው?» አለች። አልጮኸችም። «ያልከኝ በስልክ አልነበረም። ሐሙስ ስብሰባ አለ አይደል?»

ስልኩ ተዘጋ። ታዴዎስ ታንከሩ ሥር ትንሽ ቆየ። ሰው ሰድቦ መርሳት እንዴት ቀላል ነው! ስምንት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ‹እንዴት አደርሽ› ሲላት፣ እሷ ያን ሐሙስ ይዛው ነበር የምትመልስለት።

ተመልሶ ገብቶ የነገረችውን አደረገ። ቁልፉ ሲያዝ አወጀ፤ ሲለቀቅ የነበረውን መለሰ፤ ጥቂት ሜሞሪ ለብቻ አስቀመጠ። ማሽኑን ከበፊቱ አብልጦ አስጨነቀው። አሥር ደቂቃ። ግማሽ ሰዓት። ወይዘሮ አስካለች ጎን ለጎን ታካሚ እየመዘገቡበት፣ አልፎ አልፎ ሰረቅ አድርገው እያዩት፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ሠራ። አልቆመም።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ማቴዎስ ደወለ። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ከታዴዎስ ጋር በአንድ ክፍል የተማረ፣ ማሽኑን ለዞኑ ለማስገባት ጫማው እስኪያልቅ የተመላለሰ ሰው።

«ታዴ፣ ሐዳሳ ነገረችኝ። ተስተካክሏል አይደል?»

«ተስተካክሏል።»

«ተመስገን! በቃ፣ እስካሁን ለገቡት ለሌሎቹ ማሽኖችም ማታ በዝምታ እንልከዋለን። ሪፖርቱን አሳጥረው። ዞኑ ማሽኑ ለቀሩት ጤና ጣቢያዎች እንዲገባ የሚወስነው በዚህ ሳምንት ነው፤ አሁን ‹ስህተቱ የኛ ነው› ካልን አለቀልን። ስድስታችንም ቤታችን እንገባለን።»

«ሴትዮዋስ?»

«ውሸት ጻፍ አላልኩህም። ነቅለዋል አልነቀሉም?»

«ነቅለዋል።»

«እሱኑ ጻፍ። ‹በተጠቀሰው ሰዓት ኃይል ተቋርጧል›። አለቀ። እኔ አቶ አሞጽን አናግሬ በተሰጣቸው ማስጠንቀቂያ ብቻ እንዲያልፏቸው አደርጋለሁ። አይባረሩም። ሃያ ዓመት የሠራ ሰው በአንድ ማስጠንቀቂያ ምን ይሆናል?»

ታዴዎስ ለማውራት ከወጣበት ግቢ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየ። ወይዘሮ አስካለች አንዲት እናት ስሟን እየነገረቻቸው በአንድ ጣት ቀስ እያሉ ይጽፋሉ። ገመዱ የተሰካበትን ሶኬት ላለመንካት ወንበራቸውን ወደ ማዶ አርቀውታል፤ ስለዚህ ወደ ኪቦርዱ ለመድረስ ይንጠራራሉ። አሥራ ሁለት ቀን እንደዚያ እየተንጠራሩ ነው የሠሩት።

«አስብበት» አለ ማቴዎስ። «ስለ ሁላችን አስብ።»

አሰበ። የማቴዎስ ነገር እውነትም ነበረው፤ ክፋቱ እሱ ነው። በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድም የውሸት ቃል የለም። ጽፏት፣ ፈርሞ፣ የዘጠኝ ሰዓቱን ሚኒባስ ተሳፍሮ ሊሄድ ይችላል። እሑድም ይደርሳል፤ እናቱ አጠገብ ይቀመጣል፤ ይህን የሚያውቅበት ሰው የለም። እንዲህ ሲያስብ ራሱን ጠላው፤ ማሰቡንም ግን ቶሎ አልተወም።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄደ። ከበሩ ውጭ አግዳሚው ላይ ሁለት ነርሶች፣ ዘበኛውና ንብረት ክፍሉ ቲቶ ተቀምጠዋል። ውሳኔውን ለመስማት የመጡ ይመስላሉ። ወይዘሮ አስካለች ከዳር ተቀምጠው ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ ያጥፋሉ፤ ይዘረጋሉ። ጠዋት ባነሡት እጅ ነው።

«ኢንጂነር፣ ይግቡ» አሉ አቶ አሞጽ። ጠረጴዛው ዙሪያ ሁለት ሌሎች የኮሚቴ አባላት አሉ። «በሩን ዝጉልንና ይቀመጡ። ጊዜ አንፍጅ፤ ያኔ በስልክ የነገሩኝን በጽሑፍ ቢሰጡን ይበቃናል። እሳቸው ውጭ ይቆያሉ፤ ባይሰሙትም ደግ ነው።»

ታዴዎስ ለሱ የተዘጋጀችውን ወንበር አየ። በእጁ የያዘው ወረቀት ላይ ቀኑንና የጤና ጣቢያውን ስም ብቻ ነው የጻፈው፤ ሌላው ባዶ ነው። ‹በስልክ ነው?› ያለችው ሐዳሳ ትዝ አለችው።

አልተቀመጠም። ተመልሶ በሩን እስከ ግድግዳው ከፈተው።

«ወይዘሮ አስካለች፣ ይግቡ።»

«ውጭ ቆዪ ተብያለሁ እኮ» አሉ፤ ግማሽ ብድግ ብለው። «ደግሞ ምን አጠፋሁ?»

«እርስዎ አይደሉም። ይግቡ።»

ገቡ። ታዴዎስ ለሱ የተዘጋጀችውን ወንበር ስቦ ሰጣቸው። አግዳሚው ላይ ያሉት አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ኪሱ ውስጥ ስልኩ መንጫረር ጀመረ፤ ማቴዎስ ነው፤ አላነሣውም።

«ኢንጂነር፣ በሩን...» አሉ አቶ አሞጽ።

«ይከፈት» አለ ታዴዎስ። ድምፁ ተሰብሮ ወጣ፤ አጽድቶ ደገመው። «ደብዳቤያቸው የተነበበው በሠራተኛው ሁሉ ፊት ነው። ይሄንንም ይስሙት።»

ከዚያ ፊቱን ግማሹን ወደ ኮሚቴው፣ ግማሹን ወደ አግዳሚው አድርጎ፣ ቆሞ፣ ከሦስቱ ያልተነሡ ስልኮች ጀመረ።